የአሥራ አንድ ሰዓቱ ክላክስ

ተማሪዎቹ «ጋሽ ሰዓት» ይሏቸዋል። የዚያች ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ዩኒቨርሲቲዋ የተማሪ መኝታ የላትም፤ ተማሪው ጠዋት በአውቶቡስ ይመጣል፣ ወደ ማታ በአውቶቡስ ይሄዳል። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀር ጋሽ ሰዓት ፊተኛው አውቶቡስ ላይ ወጥተው ክላክሱን ሦስት ጊዜ ያስጮኹታል። ልክ በአሥራ አንድ ሦስቱም አውቶቡሶች ተከታትለው ከግቢ ይወጣሉ። አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲዋ ፕሬዚዳንት ሁለት ደቂቃ ዘግይተው አቧራ ቅመው ቀሩ እየተባለ ይወራል። ውሸት ነው፤ ፕሬዚዳንቱ የራሳቸው መኪና አላቸው። ጋሽ ሰዓት ግን ወሬውን አስተባብለው አያውቁም።

አንድ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ከቢሯቸው ብቅ ሲሉ አንዲት ረጅም ልጅ የመነሻ ሰዓት ሰሌዳቸው ላይ ወረቀት ስትለጥፍ እጅ ከፍንጅ ያዟት።

«ቆይ፣ ቆይ! አንቺ ልጅ፣ እሱ የማን ሰሌዳ መሰለሽ?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ የእርስዎ ነው። ግን በዚህ ግቢ ተማሪ የሚያነበው ሰሌዳ ይሄ ብቻ ሆነብኝ።»

ቁጣቸው ግማሽ መንገድ ላይ በረደ። ሰው ሥራውን ሲያመሰግኑለት መቼም ልቡ ድንጋይ አይሆንም። መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን አነበቡት፦ «ነገ በአሥር ሰዓት የሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድናችን በሜዳው ይጫወታል። ኑ፣ ደግፉን!»

«ኳስ!» አሉ። «እናትሽ እዚህ የላከችሽ ኳስ ልታነጥሪ ነው?»

«ለትምህርት ነው የላከችኝ ጋሼ። ትምህርቴንም አልበደልኩም፤ የሦስተኛ ዓመት የሂሳብ ተማሪ ነኝ። የቡድኑም አምበል ነኝ።» ጥቂት አመነታችና፣ «አምስት ደቂቃ ካለዎት አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለች።

«አራት አለኝ። ግቢ።»

ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ከጠረጴዛው በላይ ወጣ።

«የሌላ ዩኒቨርሲቲ ልጆች እኛ ሜዳ ሲመጡ 'በአምስት ሳይሆን በስድስት ሰው ነው የምንጫወተው' ይላሉ» አለች። «ስድስተኛው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ዳኛው ይሆናላ! መቼም ዳኛ ሳይታማ አይውልም።»

«እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ ሰዓት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጨዋታው በአሥር ይጀመራል። ሦስተኛው ሩብ ላይ ስንደርስ የእርስዎ ክላክስ ይጮኻል። እኛን ተጫዋቾቹን የስፖርት ክፍሉ መኪና ያደርሰናል፤ የመጣልን ሰው ግን ያኔ ሁሉም ቦርሳውን ይዞ ብድግ ይላል። ባዶ ወንበር እያየን እግራችን ይተሳሰራል። የእነሱ አሠልጣኝ ምን እንደሚል ሰምቻለሁ፤ 'እስከ ክላክሱ ድረስ ቻሉ፣ ከዚያ በኋላ ጨዋታው የእናንተ ነው' ይላቸዋል።»

ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሏትን ዩኒቨርሲቲ ሲያስሸንፏት ኖረዋል መባሉ ከነከናቸው። የከነከነው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው መከራከር ነው።

«ስሚኝ ልጄ። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ዘግይቶብኝ አንዲት እናት እዚህ በር ድረስ በእግሯ መጣች። ልጇ የቀረች መስሏት እንባዋ ደረቷን አርሶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ሰዓት አይነቃነቅም ብዬ ማልሁ። ልጁን የላከልኝ ወላጅ ሰዓት አይቶ ነው በር የሚከፍተው። ለጨዋታ ብዬ እሱን ላፍርስ?»

«አይፍረስ ጋሼ። እኔም እናት አለችኝ፤ አሥራ አንድ ተኩል ሲል በመስኮት ማየት ትጀምራለች። ግን የዚህን ግቢ ልጆች አይተዋቸዋል? ክፍል፣ አውቶቡስ፣ ቤት፤ በቃ። አንዲት ልጅ ሁለት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣለች። እናቷ ሞታ ሁለት ሳምንት ስትቀር የት ሄደች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ስትመለስ ጥቁር ለብሳ ሳያት መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሰው ሰውን የሚያውቀው አብሮ ሲስቅ፣ አብሮ ሲጮኽ ነው። እኛ የምንጮኽበት ቦታ የለንም።»

«ለመጮኹማ ገበያ አለ» ለማለት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ለዚህ ነገር ቀልድ እንደማይሆን ገባቸው።

«ታዲያ ነገ ምን ልዩ ቀን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ነገ የተማሪዎች ዲኑ ይመጣሉ። 'ተመልካች የሌለው ቡድን ለማን ነው የሚጫወተው?' ብለዋል። ወንበሩ ነገም ባዶ ከሆነ ቡድኑ ይፈርሳል።» ድምፅዋ ቀጠነ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴን ደፍቼ ነው ያደግሁት ጋሼ። 'ረዘምሽ' ያላለኝ ሰው የለም። ቁመቴ በረከት መሆኑን ያየሁት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። እንደ እኔ አንገታቸውን ደፍተው የሚመጡ ገና ብዙ ልጆች አሉ።»

አራቱ ደቂቃ ካለቀ ቆይቷል። ጋሽ ሰዓት አላዩትም።

«እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጅ መንገድ ላይ እንዳይቀር ነበር የምጠነቀቀው። ለካ ሜዳ ላይ ሳስቀራችሁ ኖሬያለሁ! ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሩኝ?»

«ስፖርት ክፍል ነገሩ የትራንስፖርት ነው ይላል።»

«ትራንስፖርት ደግሞ የስፖርት ነው ይላላ!» ብለው ተነሡ። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት ናቸው። የአንዱ ጸሐፊ ሳል ሲይዛት የሌላው ጸሐፊ ማር የምትሰጣት ናት። ያም ሆኖ ስለ ጨዋታውና ስለ አውቶቡሱ ሰዓት ተነጋግረው አያውቁም። ብዙው ችግራችን እንዲህ ያለ ነው፤ ከጠላት ሳይሆን ከዝምታ ይወለዳል።

የትራንስፖርት ክፍሉ ሹም ጥያቄውን ሲሰሙ ሳቁ።

«ጋሽ ሰዓት፣ ሰዓት ይለወጥ የሚሉኝ እርስዎ ነዎት? አሞዎታል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ሁለቱ አውቶቡሶች በአሥራ አንድ ይውጡ፤ ሥራ ያለበት፣ ቤቱ የሚጠበቅ ይሂድባቸው። ሦስተኛው በጨዋታ ቀን በአሥራ ሁለት ይውጣ። ዛሬ ከተነገረ ወላጅ አይደነግጥም። ወላጅን የሚያስደነግጠው ያልተነገረው ነው፤ ይህን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። ልጆቹ ይተዋወቃሉ፤ የተዋወቀ ልጅ የታመመ ጓደኛውን ይጠይቃል፣ ያልገባውን ያስረዳዋል፣ ትምህርት ሊያቋርጥ ያሰበውንም ይመልሰዋል። ግቢውን የወደደ ልጅ ነገ ታናሹን ይዞ ይመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ጌታዬ። ሸክሙን አሁን የተሸከሙት አሥራ ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ናቸው።»

ሹሙ ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ፈረሙ።

ጋሽ ሰዓት ተመልሰው ከልጅቷ ወረቀት ሥር በራሳቸው እጅ ጻፉ፦ «ጨዋታ ለሚያዩ ሦስተኛው አውቶቡስ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል። ዛሬውኑ ለቤተሰብ ይነገር።» ልጅቷ በየግድግዳው የለጠፈቻቸው አርባ ወረቀቶች ያልሠሩትን ይህች መስመር ሠራች፤ እሳቸው የጻፉት ሰዓት ውሸት ሆኖ አያውቅምና።

በማግሥቱ ሁለቱን አውቶቡሶች በሰዓታቸው ከሸኙ በኋላ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጨዋታው አዳራሽ ገቡ። መቀመጫ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው። ጨዋታውን ስለማያውቁት ኳስ ቅርጫት በገባ ቁጥር አጨበጨቡ። ሦስት ጊዜ ለተቃራኒው ቡድን ማጨብጨባቸውን አንዲት ተማሪ በጆሯቸው ስትነግራቸው፣ «ምን ላድርግ ልጄ፣ የሰው ልጅ ላብ ነው» አሏት። ከዚያ በኋላ ግን ቀይ ለባሾቹን የግቢያቸውን ልጆች እያዩ ብቻ ጮኹ፤ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ።

የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ነጥቡ እኩል ነበር። አምበሏ የወረወረችው ኳስ ቅርጫቱን ዞሮ ወጣ፤ እንግዶቹ ወስደው አስገቡት። በሁለት ነጥብ ተሸነፉ።

ዲኑ መቀመጫ አጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር ያዩት። ጨዋታው ሲያልቅ የቡድኑን አሠልጣኝ ጠርተው፣ «ለሚመጣው ዓመት ወንበር የሚጨመርበትን ደብዳቤ ጻፉልኝ» ብለው ወጡ።

ልጅቷ ይህን አልሰማችም። ፎጣዋን ፊቷ ላይ ጥላ ሜዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ሰዓት ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ተሸነፍን ጋሼ» አለች ከፎጣው ሥር። «እንዲያ ደክመውልን አሳፈርንዎት። በቃ፣ ቡድኑም አለቀለት።»

«እስቲ ፎጣውን አንሺና ወደ ኋላሽ ተመልከች» አሉ በተዘጋ ድምፃቸው። «ማን ሄደ?»

ፎጣውን አውርዳ ዞረች። ወንበሮቹ ፊት ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል፤ አንድም የሄደ አልነበረም።