ካፒቴኑ መኪናውን በበቅሎ ሲለውጥ

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ለሰፈረ አንድ ካፒቴን አስተርጓሚ ነበርኩ። ሰውየው ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ እንደ ጥይት የምትፈተለክ መኪና ነበረችው። ክረምት ሲገባ ጭቃ ውስጥ ተተክላ ቀረች። “ለሥራ የምትሆን፣ ጉዞዋም የሚያስደስት ሌላ ፈልግልኝ። የጭነት መኪና ግን አልፈልግም” አለኝ። ገበያ ወሰድኩት፤ ከከተማው ውጭ ከሚኖሩ አያ ስመኝ ከሚባሉ ሽማግሌ አንዲት ሰጋር በቅሎ ገዛ። አያ ስመኝ ገመዷን ሲያስረክቡ፣ “ልጄ፣ ንገረው። አዲሱን ቤቷን እስክትለምድ አስሮ ይቀልባት፤ እስከዚያ እንዳይቀመጥባት” አሉ። ተረጎምኩለት። ካፒቴኑ ሳቀ። “መኪናዬን ቤት እስክትለምድ አልጠበቅኳትም” አለና በማግስቱ ጠዋት አስጭኖ ወጣባት።

በቅሎዋ ከተማውን ለቅቃ ሽምጥ ያዘች። ልጓሙን ሲስብ አንገቷን አጣማ ትቀጥላለች። እኔ በፈረስ ከኋላ ተከተልኩ። ካፒቴኑ መጀመሪያ እየሳቀ ነበር፤ ባርኔጣው ሲወድቅ ግን ኮርቻውን በሁለት እጁ ጨበጠ። በመጨረሻ አያ ስመኝ ግቢ ገብታ ቀጥ አለች። ሽማግሌው ከቤት ሲወጡ ፊታቸው አመድ መሰለ። በዚያ ጊዜ የጣሊያንን በቅሎ የሰረቀ ይሰቀል ነበር፤ እሳቸው ደጅ የተገኘችው ደግሞ ከነካፒቴኑ ነው። “ልጄ፣ በማርያም ንገርልኝ፣ አልሰረቅሁም። እሷ ናት ይዛው የመጣች” አሉኝ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ካፒቴኑ ኮርቻውን እንደጨበጠ፣ “ሌባ አላልኩትም። ፍሬኗ የት እንደሆነ ብቻ ጠይቅልኝ” አለ። አያ ስመኝ ፍሬን የሚባል ነገር ስለማያውቁ፣ “በምንድን ነው የምትቆመው?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ጋጣዋ ስትደርስ ነዋ” አሉ።