ያልተቀባው ሸለቆ

እስቲ ብርጭቆዎቻችሁን ለጊዜው አስቀምጡልኝ። መጨረሻ ላይ እናነሣቸዋለን።

ይቺ ሴት መጀመሪያ የመጣችበትን ቀን የማታውቁ ወጣቶች ስላላችሁ ከዚያ ልጀምር። ትከሻዋ ላይ አካፋ አድርጋ በሩ ላይ ደረሰች። ዘበኛችን ከእግሯ እስከ ራሷ አየት አድርጎ፣ «አትክልተኛ የሚገባው በጓሮ በር ነው» አላት። ሌላ ሰው ቢሆን የትምህርት ማስረጃውን መዝዞ ያፈጥበት ነበር። እሷ «እሺ ወንድሜ» ብላ ዞራ በጓሮ ገባች። ገብታም ዝም አላለችም፤ የሥራ አስኪያጁ ጽጌረዳ የተተከለበትን መደብ እስከ ጉልበቷ ቆፈረችው። እሳቸው በመስኮት ብቅ ብለው «ምን እያደረግሽ ነው?» ሲሏት፣ «አዲሷ የአፈር ባለሙያ ነኝ፤ ጽጌረዳዎን እየገደለው ያለው የውኃ ብዛት ነው» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ አካፋ ተብላ ቀረች።

አትቆጪኝ እንግዲህ። ከዛሬ ጀምሮ ጡረተኛ ነሽ፣ የመቆጣት ሥልጣንሽ አብቅቷል።

እትዬ አካፋ አፈር ትቀምሳለች፣ ይኼን ሁላችሁም አይታችኋል። የአፈር ናሙናዋንም በከረጢት አድርጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከምሳችን ጋር ትደረድረዋለች። አንድ ቀን የሒሳብ ሹማችን ምሳው መስሎት የሷን ከረጢት ከፍቶ ማንኪያ ሰደደበት። ይቅርታ ትለዋለች ብለን ስንጠብቅ ጠጋ ብላ፣ «ጨው ጨው ይላል እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

ከቤተሰብ ለመጣችሁ ሥራችንን ላስረዳ። እኛ የምንፈልገው ድንጋያም፣ የተሸረሸረ፣ እህል እንቢ ያለ ድሃ መሬት ነው። እዚያ ላይ እንደ ጉሎ ያለ፣ ዘይቱ ለነዳጅ የሚሆን ተክል ቢተከል ከማንም አፍ እህል አይነጥቅም። እንዲህ ያለውን መሬት ካርታ ላይ ቢጫ እንቀባዋለን። ከሰማይ የተነሣውን ፎቶ ኮምፒውተሩ አይቶ ይጠቁመናል። አንድ ጊዜ አንድ ኮረብታ «በጣም ተስማሚ፣ ማንም የማይጠቀምበት» ብሎ አወጣልን። ደስ ብሎን ቢጫ ቀባነው። እሷ እዚያው ድረስ ሄዳ ደወለችልኝ።

«መቃብር ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ኮረብታው ነዋ። ሙታኑን ተነሡ፣ ነዳጅ ልንተክል ነው ልበላቸው?»

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣች፤ ሰው ሄዶ ያልቆመበት መሬት አይቀባም። ሥራችን በእጥፍ ረዘመ፣ ስናጉረመርም ኖርን፣ እሷ ግን ፍንክች አላለችም።

ለመቆም ደግሞ የሚያደርስ ያስፈልጋል። ያ ሰው ሹፌራችን ነበር፤ ቀስ በቀስ የምንለው፣ ኋላ ባሏ የሆነው። ከኋላ ተቀምጬ ጭቅጭቃቸውን እየሰማሁ ስንት መንገድ ሄጃለሁ። «ቀስ በል፣ አፈሩን ልየው» ትለዋለች። «ሴትዮ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ወደ ኋላ መሄዳችን ነው» ይላታል። እሷ ጉድጓድ ቆፍራ፣ አይታና ቀምሳ ስትጨርስ አካፋውን ይቀበላትና አፈሩን ይመልሳል። «የሰው ከብት ይሰበርበታል፤ ቆፍሮ ጥሎ መሄድ ነውር ነው» ይል ነበር። እሷ የከፈተችውን ጉድጓድ ሳይደፍን መኪናውን አስነሥቶ አያውቅም።

ጡረታ የሚወጡት አብረው ነበር። አጠገቧ ያለውን ወንበር ባዶ የተውነው ለዚያ ነው። ባለፈው ክረምት ታመመ፣ ብዙም አልቆየም። በቀብሩ ቀን ሰዎቹ አፈር መመለስ ሲጀምሩ ሄዳ አካፋውን ከአንዱ እጅ ወሰደች። «ተይ እኅቴ» ብንላት አልሰማችንም። «ይኼ የሱ ሥራ ነበር፤ ዛሬ ለሱ ማን ይሥራለት?» አለች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን መናገር አልችልም።

ያኔ አንድ ሸለቆ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ካርታው በሙሉ አልቆ ያ ብቻ፤ አብረው ሊሄዱበት ቀን ቆርጠውም ነበር። እሷ ከዚያ ወዲህ እሱ ይነዳት የነበረችው አሮጌ መኪና ውስጥ እንኳ አልገባችም። ሸለቆው ካርታው ላይ እስከ ዛሬ ሳይቀባ ነጭ ነው። በቀደም ሥራ አስኪያጁ «ኮምፒውተሩ ይሙላውና ካርታው ይታተም» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፣ ቀኑ አልፎብናል። ሄጄ ጠየቅኋት። ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር፤ ቀና ሳትል «ያልቆምኩበትን አልቀባም» አለችኝ። ካርቶኑን ዘግታ ደግሞ፣ «መቆምም አቃተኝ» አለች።

እኅቴ፣ ያ ኮረብታ ላይ ዛሬም ሰዎች ሙታናቸውን ይጠይቃሉ። ስምሽን አያውቁም፤ አንቺ ባትኖሪ ግን የሚጠብቃቸው ጉሎ ነበር። እኔም ከስክሪኑ ላይ ዓይኔን አንሥቼ መሬቱ ላይ ሰው መኖሩን ያየሁት ባንቺ ነው። እናመሰግንሻለን። ጠረጴዛሽ ባዶውን ሲቀር ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ከአሁኑ ከፍቶኛል።

ትናንት ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ይኸው ተቀምጠዋል፣ ይመስክሩ። ቅዳሜ ጠዋት ያቺ አሮጌ መኪና ደጅሽ ትቆማለች። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ከሱም የባስኩ ቀርፋፋ ነኝና ቀስ በል ማለት አያስፈልግሽም። አካፋሽን ጠርጌ ከኋላ አስቀምጬዋለሁ። ከወጣሽ ሸለቆው ድረስ እንሄዳለን፤ አንቺ ትቆፍሪያለሽ፣ አፈሩን እኔ እመልሳለሁ። ካልወጣሽም ምንም አይደል፣ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ፤ ካርታው ነጩን እንደያዘ ይታተማል። ኮምፒውተሩ አይነካውም።

በሉ አሁን ብርጭቆዎቻችሁን አንሡ። ለእትዬ አካፋ፦ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ።

ለቀስ በቀስም፦ አፈሩን ገለባ ያድርግለት።