ለዘመድ የሚነገር

(በአንድ ሆስፒታል የወንዶች ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በጠያቂ ሰዓት። ሌላው አልጋ ሁሉ በዘመድ ተከቧል። ጠያቂ የሌላቸው ጋሽ ደባሱ ልብሳቸውን ለባብሰው የጫማቸውን ክር ያስራሉ፤ ነርሷ ሲስተር ወይንሸት ፊታቸው ቆማለች።)

ወይንሸት፦ ያውልቁት አልኩ ጋሽ ደባሱ! ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን አለብዎት።

ደባሱ፦ አልቀደድም! ወረቀቱን አምጪ፣ በፈቃዴ ወጣሁ ብዬ ልፈርም።

ወይንሸት፦ ዶክተሩ ግድ ነው ብለዋል እኮ።

ደባሱ፦ ለኔ ያለኝ «ትንሽ እብጠት ናት፣ አይዞዎት» ነው። ለትንሽ እብጠት ሆድ ይቀደዳል?

ወይንሸት፦ ትንሽ መሆኗን በምን አመኑ?

ደባሱ፦ ወንድሜ ግርማቸው ነገረኝ! ትናንት ሲደውልልሽ «ክፉ ነገር አይደለም፣ ይድናሉ» ያልሽው አንቺው ነሽ።

ወይንሸት፦ ሦስት ሳምንት ሲተኙ እኚህን ወንድምዎን አንድ ቀን አላየኋቸውም።

ደባሱ፦ ሹፌር ነው። መንገድ ላይ ነው የሚውለው።

ወይንሸት፦ መንገድ ላይ ሆነው ነው የኛ የምግብ ጋሪ በስልካቸው ሲንኳኳ የሚሰማው?

ደባሱ፦ ጋሪ ሁሉ ይንኳኳል።

ወይንሸት፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ጋሼ።

ደባሱ፦ እሺ! ወንድም የለኝም። እህትም የለኝም። የዘመድ ስልክ ስትሉኝ የራሴን ሁለተኛ ሲም አስመዘገብኩ፤ ግርማቸው ነኝ ብዬ የደወልኩትም እኔው ነኝ። ምን ላድርግ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትላላችሁ፤ የኔን የደበቃችሁት እናንተ! ለበሽተኛ «አይዞዎት»፣ እውነቱ ለዘመድ። ዘመድ የሌለው ማንን ይጠይቅ?

ወይንሸት፦ እኔን።

ደባሱ፦ ስንቴ ጠየቅሁሽ! ትራሴን አስተካክለሽ ትሄጃለሽ።

ወይንሸት፦ እውነትዎን ነው።

ደባሱ፦ ትናንት ግን ደስ አለኝ። «አደራሽን ወንድሜን» አልኩሽ አይደል? ወንድሜን ስል ሆዴ ባባ። እኔም እንደ ሰው ሰው ያለኝ መሰለኝ።

ወይንሸት፦ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ደባሱ፦ ምን ያስለቅስሻል? የነገርሽው የምሥራች!

ወይንሸት፦ በመስኮት እያየሁዎት ነበር። በረንዳው ጥግ ላይ፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ስልኩን በሁለት እጅዎ ይዘው። አጠገብዎ ማንም አልነበረም።

ደባሱ፦ እኔ መሆኔን እያወቅሽ ነው ያወራሽኝ?

ወይንሸት፦ ከመጀመሪያው «ሃሎ» ጀምሮ።

ደባሱ፦ ቆይ፣ ቆይ። እንግዲያ ያን «ይድናሉ» ያልሽው ለማን ነው?

ወይንሸት፦ ለበሽተኛው፣ ጋሼ።