ሰባ ሳንቲ ባሕር

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ገርጂ ካለ የጌጥ ዓሣ መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ ሻጯ ሜላት ክንዷን አጣምራ በትልቁ የዓሣ ገንዳና በደንበኛዋ መካከል ቆማለች፤ መርካቶ መስታወት ሲቆርጡ ያረጁት ጋሽ ሽመክት ደግሞ ሜትራቸውን ዘርግተው ከትከሻዋ በላይ ዓሣ ይለካሉ።

ሜላት፦ አልሸጥልዎትም አልኩ እኮ፣ ጋሼ!

ጋሽ ሽመክት፦ ነጋዴ «አልሸጥም» ሲል ገና ዛሬ ሰማሁ። መርካቶ ብትሆኚ በሳምንትሽ ሱቁን ትዘጊው ነበር።

ሜላት፦ የእርስዎ አኳሪየም ርዝመቱ ስንት ነው?

ጋሽ ሽመክት፦ ሰባ ሳንቲ። ወርዱ አርባ፣ ቁመቱ አርባ። በገዛ እጄ ቆርጬ በገዛ እጄ ያጣበቅኩት ነው፤ አንድ ጠብታ አያፈስም።

ሜላት፦ ይሄ ቢጫ ዓሣስ ከአፉ እስከ ጭራው?

ጋሽ ሽመክት፦ ሠላሳ ሁለት። አሁን ለካሁት አይደል? ገብቶ ገና ሠላሳ ስምንት ይተርፈዋል!

ሜላት፦ ገብቶስ እንዴት ይዞራል? መርካቶ ቅያስ ውስጥ እንደገባ ተሳቢ መኪና ወደ ኋላ ሊወጣ ነው?

ጋሽ ሽመክት፦ ዓሣ እኮ ይታጠፋል።

ሜላት፦ ጃንጥላ መሰልዎት?

ጋሽ ሽመክት፦ ስሚኝ የኔ ልጅ። ስንት ፋሲካ በግ ገዝቻለሁ። አንድም ባለ በግ «ትልቁን ተው፣ ትንሹን ውሰድ» ብሎኝ አያውቅም።

ሜላት፦ በጉን በማግስቱ ያርዱታል። ዓሣው አብሮዎት ሊኖር ነው።

ጋሽ ሽመክት፦ እስከ እሑድ ይኑርልኝ፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።

ሜላት፦ እሑድ ደግሞ ምንድን ነው?

ጋሽ ሽመክት፦ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው፣ ለልጄ። አራት ሆነው። ከበር ሲገቡ ፊት ለፊታቸው ይሄ ቢጫ ዓሣ ግርማው እንዲታያቸው እፈልጋለሁ።

ሜላት፦ ሊጠይቁ የሚመጡት ልጅ ነው ወይስ ዓሣ?

ጋሽ ሽመክት፦ ልጅ ነው እንጂ! እኔ ግን ያለኝ አንድ ቃል ነው፤ እኔው ግቢ ይኑሩ። ሰርቪስ ሠርቼላቸዋለሁ፣ ሦስት በአራት፣ መስኮቱ ሙሉ መስታወት። እሺ ካሉ መረቅኩ፤ እምቢ ካሉ በመጡበት ይመለሱ። ይሄን ዓሣ ያየ ሰው «ከዚህ ቤት ልጅ አውጥተን ወዴት ልንወስዳት ነው?» ብሎ ያፍራል።

ሜላት፦ ልጅዎ ምን ትሠራለች?

ጋሽ ሽመክት፦ መሐንዲስ ናት። ድልድይ ትሠራለች። አርባ ምንጭ ሥራ አገኘሁ ትለኛለች፤ ልጁም እዚያው ነው። አዲስ አበባ ድልድይ ጠፋ?

ሜላት፦ እኔ ዓሣ እንጂ ድልድይ አልሸጥም፣ ጋሼ።

ጋሽ ሽመክት፦ ዓሣውንስ መች ሸጥሽ?

ሜላት፦ ሌላ ይምረጡ። ትንሽ።

ጋሽ ሽመክት፦ እሺ። ያንን ሰማያዊ፣ ነጭ ቀለበት ቀለበት ያለበትን። ጣቴን እንኳ አያክልም። አሁንስ ምን ልትዪ ነው?

ሜላት፦ እሱንም አልሸጥልዎትም።

ጋሽ ሽመክት፦ ኧረ በሕግ አምላክ!

ሜላት፦ ያው ዓሣ ነው እኮ። ቢጫው በልጅነቱ ይሄን ነበር የሚመስለው።

ጋሽ ሽመክት፦ አንዱ ሰማያዊ ባለ ቀለበት፣ አንዱ ቢጫ ባለ መስመር! አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዓይን አርባ ዓመት ሚሊ ሜትር የለየ ዓይን ነው።

ሜላት፦ ሲያድግ ልብሱን ይቀይራል። በሦስት በአራት ዓመት ያንን ትልቁን ያክላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰሙም?

ጋሽ ሽመክት፦ እንቁላሉ ይሂድ። ዓሣ ግን የሚያድገው በቤቱ ልክ ነው። ትንሽ ቤት ከሰጡት ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል።

ሜላት፦ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ውሸት ሳፈርስ ነው የምውለው። አራት ዓመት ሙሉ ዓሣ ተምሬ...

ጋሽ ሽመክት፦ አራት ዓመት? ለዓሣ? አባትሽ ዝም አሉ?

ሜላት፦ ዝም አላለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ሻንጣዬን ደበቀብኝ።

ጋሽ ሽመክት፦ ከዚያስ?

ሜላት፦ በፌስታል ሄድኩ።

ጋሽ ሽመክት፦ አቤት የዘንድሮ ልጅ!

ሜላት፦ አሁን ይስሙኝ። ዓሣ ቤቱ ሲጠበው ትንሽ ሆኖ አይቀርም፤ ይታመማል። ጀርባው ይጎብጣል፣ መብላት ይተዋል፣ መስታወቱን በአፍንጫው ሲነካ ይውላል። እርስዎ ደግሞ «ተላመደኝ፣ ሰላም እያለኝ ነው» ይላሉ።

ጋሽ ሽመክት፦ መስታወቱ ጋ ነው የሚውለው አልሽ?

ሜላት፦ ቀኑን ሙሉ።

ጋሽ ሽመክት፦ ልጄም ሰሞኑን ከመስኮቱ አትጠፋም።

ሜላት፦ ለመሆኑ የባሕር ዓሣ ለምን አማረዎት? የወንዙ ይሻልዎት ነበር፤ ጨው የለ፣ ጣጣ የለ።

ጋሽ ሽመክት፦ በልጅነቷ «አባዬ፣ ባሕር አሳየኝ» ትለኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል አደገችብኝ። አሁን ባሕሩን ሳሎን ድረስ አመጣሁላት፤ ምን ቀረባት? በሸጥሽልኝ ጨው ውሃውን አሰናድቼ ወር ሙሉ ባዶ መስታወት ሳይ ከረምኩ። ባለቤቴማ «ሽመክት፣ ጠበል ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሜላት፦ ልጅዎስ ምን አለች?

ጋሽ ሽመክት፦ «ያምራል፣ አባዬ» አለች። ወዲያው ሜትሬን ተዋሰችኝ። እኔ አኳሪየሙን ልትለካ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሰጠኋት። ኋላ ብቅ ብል፣ ሻንጣ እየለካችበት ነው።

ሜላት፦ እና ስለ ሰርቪሱ ጠይቀዋታል?

ጋሽ ሽመክት፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ። ተይኝና ዓሣ ምረጪልኝ።

ሜላት፦ እነዚህን ይዩ። ብርቱካናማዎቹን፣ ነጭ መቀነት የታጠቁትን። አድገው አድገው ከሌባ ጣትዎ አይበልጡም። ሰባ ሳንቲ ለሁለቱ ሰፊ መንደር ነው።

ጋሽ ሽመክት፦ እነዚህን ማን ያይልኛል? አራት ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ዓሣ ሊፈልግ ነው?

ሜላት፦ እርስዎ መስታወት ያውቃሉ፤ ይንገሩኝ። ጠባብ የሱቅ መስኮት ውስጥ ቁም ሣጥን ቢያስገቡ ሰው ምን ያያል?

ጋሽ ሽመክት፦ ጥበቱን ነዋ።

ሜላት፦ ሁለት ስኒ ቢያስቀምጡበትስ?

ጋሽ ሽመክት፦ ስፋቱን። ተንኮለኛ ነሽ። ወንዱ የትኛው ነው?

ሜላት፦ ትንሹ። ትልቋ ሴቷ ናት፤ ቤቱን የምታዘውም እሷ።

ጋሽ ሽመክት፦ የኔን ቤት አይተው መጥተዋላ!

ሜላት፦ ባሕር ውስጥም ቢሆኑ ከቤታቸው ክንድ ሁለት ክንድ አይርቁም።

ጋሽ ሽመክት፦ ይኸው! ከቤቱ የማይርቅም አለ! እሑድ ይሄንኑ ነው የምነግራቸው።

ሜላት፦ አለ፤ እንደየዘሩ ነው። ለዚህ ነው ዓሣ ስሸጥ «ዛሬ ስንት ያህላል?» ብዬ የማልነሳው። ሲያድግ ስንት ይሆናል ነው ጥያቄው። የእርስዎ ልጅ የትኛዋ ናት? ብርቱካናማዋ ወይስ ሰማያዊዋ?

ጋሽ ሽመክት፦ ቆይ፣ ሁለቱንም እንደገና ልያቸው።

ሜላት፦ ጋሼ፣ ይወስኑ እንጂ። ገና ሦስት ገንዳ አጥባለሁ።

ጋሽ ሽመክት፦ በፌስታል ነው የሄድሽው አልሽኝ?

ሜላት፦ በሁለት ፌስታል። አንዱ መንገድ ላይ ተቀደደ።

ጋሽ ሽመክት፦ አባትሽ ከዚያ ወዲህ ይጠይቁሻል?

ሜላት፦ በየቀኑ ይደውላል። «ዓሣዎቹ በሉ?» ይለኛል። እኔን መብላቴን ጠይቆኝ አያውቅም።

ጋሽ ሽመክት፦ ጠየቁሽ እኮ፣ የኔ ልጅ። በያቸው «በልተናል» በያቸው።

ሜላት፦ እሱን ይተዉትና፣ ዓሣውን ምን ላድርግ?

ጋሽ ሽመክት፦ ሁለቱን ብርቱካናማዎች ስጪኝ፤ ለእሑድ ይበቁኛል። ሰማያዊውን ግን ለማንም እንዳትሸጪብኝ።

ሜላት፦ ጋሼ! እስካሁን ምን ስንነጋገር ነበር? በሰባ ሳንቲ ውስጥ የት ሊያሳድጉት ነው?

ጋሽ ሽመክት፦ እነሱ አርባ ምንጭ ሲገቡ ሰርቪሱ ባዶውን ሊቀር አይደል? አንዱ ግድግዳ አራት ሜትር ነው፤ ዳር እስከ ዳር የመስታወት ገንዳ አደርገዋለሁ።