ማርጌት የሚወስደው ባቡር

አንድ እንግሊዛዊ አስተርጓሚ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ፣ አራዳ ወዳለው ቤቱ ሄድኩላችሁ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ሚሲዮን ቤት ቆጥሬያለሁ፤ የቀረው እንግሊዝኛዬ ግን ከአንድ መጽሐፍ የተለቀመ ነው። መጽሐፉ ኬንት ስለሚባል የእንግሊዝ አውራጃ ለአገር ጎብኚ የተጻፈ ነበር። ከአንድ አርመን ሱቅ አግኝቼው በቃሌ ይዤዋለሁ። ሰውዬው ሁለት አመልካቾችን አሰናብቶ ወደ እኔ ዞረና በእንግሊዝኛ፣ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረኝ» አለኝ። ስለ ራሴ የምናገርበት አንድ ቃል የለኝ! ሲጨንቀኝ ያለኝን አወጣሁ፦ «ካንተርበሪ ሲደርሱ ካቴድራሉን ሳያዩ አይለፉ። ከዚያም በራምስጌት በኩል በባቡር ማርጌት ይሂዱ፤ ባሕሩ ለመታጠብ እጅግ ተስማሚ ነው።»

ሰውዬው ብዕሩን ጣለው። «ማርጌት? እናቴ እኮ ማርጌት ናት! መቼ ሄድክ?» አለኝ። መጽሐፉን ከጋቢዬ ስር አውጥቼ ሰጠሁት። ገለጥ ገለጥ አደረገና እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ተባረርኩ ብዬ ስነሳ፣ «ተቀመጥ፤ ተቀጥረሃል። በል አሁን ስለ ዶቨር ከተማ የሚለውን አንብብልኝ» አለኝ። ዳቦና ውሃ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ የተማርኩት ከዚያ በኋላ፣ ከራሱ ከቀጣሪዬ ነው።