በመንገድ በኩል የተሰጣው አንሶላ

እስቲ አንዱን ጫፍ ያዢልኝና እንጭመቀው። ፀሐይዋ ደስ ስትል! እስከ ምሳ ሰዓት ይደርቃል። በሩን ተይው፣ ክፍት ይሁን... ሳሎን ጋዜጣ የሚያነብ ሰው አየር ያግኝ እንጂ።

ስጋትሽ ገብቶኛል፣ የወንድሜ ሚስት። ሃያ ዓመት ሕፃናት ክሊኒክ ስሠራ ስንት እናት ይህንኑ ጠየቀችኝ መሰለሽ? የአምስት ዓመት ልጅ አልጋ ላይ ብትሸና ምን ይገርማል? እንቅልፏ ከባድ ነው፤ ሰውነቷ ገና እየለመደ ነው። ከመተኛቷ በፊት ሽንት ቤት ትሂድ። ስትሸና ካመማት ወይም ቀንም የሚያመልጣት ከሆነ ሐኪም ያያታል። ቁጣ ያደረቀው ፍራሽ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

አንዳንዱ አባት ታዲያ... እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው አለ መሰለሽ! ጓሮ ገመድ እያለለት የልጁን አንሶላ በመንገድ በኩል በረንዳ ላይ ያሰጣል። ለእሷው አስቦ እኮ ነው፤ እንድትማር። ትናንት የትምህርት ቤቱ መኪና ሲመጣ ልጆቹ ሁሉ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው... ተማሩ። እሷም ተማረች፤ ይኸው ከንፈሯ እስኪደርቅ ውሃ አልነካም አለች። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባል የለ? ልጅቷስ በስላለች... ጥሬውን እንጃ።

እኔም አንድ ልጅ አውቅ ነበር። እናታችን ሥራ ስለምትውል አንሶላውን የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ ሦስተኛ ክፍል እስኪገባ! አንድም ቀን ሰው በሚያይበት አላሰጣሁትም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ውሃ ደፍቼበት ነው እል ነበር፤ ዝርክርክ ተብዬ የተቆጡትም እኔን ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ሱሪው እንኳ ሲተኮስ መስመሩ አይዛነፍም። ያንን ግን ረስቶታል... የሥራ ብዛት ነው፣ አይፈረድበትም። እኔ ግን ትናንት በስልክ ስትነግሪኝ አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሻለሁ?

ጋዜጣው መገለጡን አቆመ እንዴ? አንድ ቁም ነገር አግኝቶ ይሆናል።

ብቻ ፈጣሪ ዕድሜውን ያርዝምለት። ሽበቱን አልፎ፣ ምርኩዙንም አልፎ፣ ከአልጋ ደግፈው የሚያነሱት ሽማግሌ እስኪሆን ያኑረው። ያን ጊዜ ልጁ ከጎኑ አትለይ... ልክ እሱ እንዳስተማራት አድርጋ ትጡረው። አሜን በይ እንጂ።