ዋንዛውን የተከለው

የውጭ አገር የደን ሕግ ገበሬ ለማስራብ የወጣ ነው ይባላል። አይደለም፤ የሚጠይቀው ዛፉን ማን ተከለው ብሎ ብቻ ነው። ከዳባት ወደ ጎንደር በሚመጣ ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ የበርጩማ ነጋዴና አንድ ሽማግሌ ገበሬ ያወራሉ።

«አያ ካሴ፣ በርጩማ የምልክለት ፈረንጅ የእርስዎን ዋንዛ አልፈልግም ብሏል።»

«ምነው ሐጂ? ሸጋ እንጨት አይደል?»

«ሸጋማ ነው። ግን ከደን የተቆረጠ አይገዛም። የላከው ሰው ሲጠይቅዎ ‹ከቅድመ አያቶቼ በፊት የበቀለ ነው› ብለውት የለ!»

«ብየዋለሁ።»

«ታዲያ እውነት ነው?»

«ውሸት ነው። ልጄ ነው የተከለው።»

«ወይ አያ ካሴ! የዛፍ ዘር ቆጥረው ኪሳራ! በሉ ልጁ ይምጣና ይመስክር።»

«ቀብረነዋል። የቆረጥሁትም ለተዝካሩ ነው።»

«አላህ ያጽናዎት፤ አላወቅሁም። ይህንኑ አይነግሩትም ነበር?»

«የሞተ ልጁን ዛፍ ሸጠ ልባል?»

«አሁን ደውዬ ልንገርለዎት?»

«ይተውት።»

«ተዝካሩስ?»

«...ይንገሩት። ስሙን ግን አይጥሩበት።»

እኔ እስከ ፒያሳ አንገቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ መጣሁ፤ እናንተ የዛፍ ዘር ጠያቂዎች ግን ሽማግሌ ጠይቃችሁ መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ትንሽ ታገሡ።